አብርሃም-ሉዊ ብሬጌ

አብርሃም-ሉዊ ብሬጌ (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1747 – ሴፕቴምበር 17 ቀን 1823) በኔሻቴል (በዛሬዋ ስዊዘርላንድ) ተወልዶ አብዛኛውን ዕድሜውን በፓሪስ የሠራ ሰዓት ሠሪ ነበር። ቱርቢዮን የተባለውን መሣሪያ የፈለሰፈ፣ የሰዓትን ሞላ ያሻሻለ፣ ሰዓት ሲወድቅ እንዳይሰበር መከላከያ ያበጀ ሰው ነው። በስሙ ያቋቋመው የሰዓት ቤት እስከ ዛሬ ይሠራል። በአሁኑ ዘመን የድሮ ሜካኒካል መሣሪያዎችን አርአያ አድርገው ውድ ሰዓት ከሚሠሩ ነጻ ሰዓት ሠሪዎች ብዙዎቹ መነሻቸው የእርሱ ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ብሬጌ የተወለደው በኔሻቴል ከተማ ነው። ኔሻቴል በዚያን ጊዜ በፕሩሲያ ንጉሥ ሥር የምትተዳደር ግዛት ነበረች። ቤተሰቡ በሃይማኖት ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ዘር ነው። አባቱ ዮናስ-ሉዊ ብሬጌ ልጁ 11 ዓመት ሲሆነው ሞተ። እናቱ ሱዛን-ማርጌሪት ቦል ጆሴፍ ታቴ የተባለ ሰው አገባች። የታቴ ቤተሰብ በሰዓት ሥራ የተሰማራና በፓሪስም መሸጫ የነበረው ስለሆነ ልጁ ሙያውን የቀሰመው በእንጀራ አባቱ በኩል ነው።

በ1762 ብሬጌ በ15 ዓመቱ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ በቬርሳይ ከተማ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ተለማማጅ ሆነ። ቬርሳይ የንጉሡ መቀመጫ ስለነበረች ውድ ሰዓት የሚያሠራ ደንበኛ አይጠፋባትም ነበር። ቀን ከመምህሩ ጋር እየሠራ፣ ማታ ደግሞ በፓሪስ ማዛረን ኮሌጅ የሒሳብ ትምህርት ተከታተለ። አስተማሪው አባ ማሪ የተባለ ቄስና የሒሳብ ሊቅ ነበር። ይህ ሰው የተማሪውን ችሎታ አይቶ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ጋር እንዳስተዋወቀው ይነገራል። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰዓት ሠሪ ሥራውን የሚያውቀው በእጅ ልምድ ብቻ ነበር። ብሬጌ ግን በእጁ ልምድ ላይ ስሌት ጨመረበት፤ ኋላ ላይ የፈለሰፋቸው ነገሮችም አብዛኞቹ ከዚህ የመነጩ ናቸው።

እናቱና የእንጀራ አባቱ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ወጣቱ ራሱንና ታናሽ እህቱን የማስተዳደር ኃላፊነት ወደቀበት።

የፓሪሱ ወርክሾፕ

በ1775 ብሬጌ ሴሲል ማሪ-ሉዊዝ ሉሊዬን አገባ። በዚያው ዓመት በፓሪስ መካከል፣ በሴን ወንዝ በተከበበችው ደሴት ላይ፣ ኬ ደ ሎርሎዥ በሚባለው መንገድ ቁጥር 39 የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። የመንገዱ ስም የመጣው በአሮጌው ቤተ መንግሥት ግንብ ላይ ካለው ትልቅ ሰዓት ሲሆን አካባቢው የሰዓት ሠሪዎች መንደር ነበር።

በ1776 ልጁ አንትዋን-ሉዊ ተወለደ። በ1780 ሚስቱ ሞተች፤ ብሬጌ በ33 ዓመቱ ከሕፃን ልጁ ጋር ቀረ። በዚያው ዓመት ስሙን ያስጠራውን የመጀመሪያ ሥራ ለኦርሌያን መስፍን አስረከበ።

ሥራው ራሱን የሚሞላ የኪስ ሰዓት ነበር። የዚያ ዘመን ሰዓት በየቀኑ በቁልፍ ካልተሞላ ይቆማል። ብሬጌ በሰዓቱ ውስጥ በሞላ ተደግፎ የሚወዛወዝ ከባድ ቁራጭ አስገባ። ባለቤቱ ሲራመድ ቁራጩ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜውም ዋናውን ሞላ ይጠመጥማል። ሐሳቡ የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት አብርሃም-ሉዊ ፔርሌ የተባለ የስዊስ ሰዓት ሠሪ ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር። የብሬጌ ድርሻ መሣሪያውን አስተማማኝ አድርጎ ለገበያ ማብቃቱ ነው። ንግሥት ማሪ አንትዋኔትም ከደንበኞቹ አንዷ ሆነች።

በ1783 ሌላ ለውጥ አመጣ። በዚያ ጊዜ አንዳንድ የኪስ ሰዓቶች ቁልፋቸው ሲጫን ሰዓቱንና ሩብ ሰዓቱን በደወል ይናገሩ ነበር። መብራት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ሌሊት ሰዓት ለማወቅ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በውስጡ ያለው ትንሽ ደወል ሰዓቱን ወፍራም ያደርገዋል። ብሬጌ በደወሉ ፋንታ በሰዓቱ ዙሪያ የሚጠመዘዝ ቀጭን የብረት ሽቦ አደረገ። ድምፁም ጠራ፣ ሰዓቱም ሳሳ። ይህ አሠራር ዛሬም በሚደውሉ የእጅ ሰዓቶች ውስጥ ይገኛል።

የሰዓቱንም መልክ ቀየረው። በጌጥ ብዛት ይጨናነቅ የነበረውን የሰዓት ገጽ አቅልሎ፣ ጫፋቸው አጠገብ ቀዳዳ ክብ ያለባቸውን ቀጫጭን ጠቋሚዎች አወጣ። እነዚህ ጠቋሚዎች በማንም ሰዓት ላይ ቢገኙ እስከ ዛሬ የብሬጌ ጠቋሚዎች ይባላሉ። ከ1786 ገደማ ጀምሮ ደግሞ የሰዓቱን ገጽ በማሽን በሚቀረጹ ጥቃቅን መስመሮች ሠራው። መስመሮቹ ነጸብራቅን ስለሚቀንሱ ቁጥሩ በቀላሉ ይነበባል።

በ1790 ሰዓት ሲወድቅ እንዳይሰበር የሚከላከል ዘዴ አበጀ። በሰዓት ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ጎማ የሚዞርበት ዘንግ ጫፉ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ሲወድቅ ቶሎ ይሰበራል። ብሬጌ ዘንጉ የሚያርፍበትን ድንጋይ በትንሽ ለጠጥ ሞላ ላይ አስቀመጠው፤ ሰዓቱ ሲመታ ሞላው ይሸሻል፣ ወዲያው ይመለሳል። ዘዴው መሥራቱን ለማሳየት በታሌራን ቤት እንግዶች ፊት የራሱን ሰዓት መሬት ላይ ጥሎ እየሠራ እንዳነሣው ይነገራል። ዛሬ በሜካኒካል ሰዓቶች ሁሉ የሚገኘው የምት መከላከያ ከዚህ የመጣ ነው።

አብዮትና ስደት

በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። ብሬጌ በአንድ በኩል የንጉሣውያን ሰዓት ሠሪ ነበር። በሌላ በኩል ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ ዣን-ፖል ማራ ወዳጁ ነበር፤ ማራም እንደ ብሬጌ የኔሻቴል አገር ሰው ነው። አንድ ቀን ሁለቱ በአንድ ወዳጅ ቤት ሳሉ ማራን ሊገድል የመጣ ሕዝብ ቤቱን እንደከበበው፣ ብሬጌም ማራን የአሮጊት ልብስ አልብሶ፣ ክንዱን ይዞ በሕዝቡ መካከል እንዳወጣው ይተረካል። ኋላ በ1793 ብሬጌ ራሱ በጥርጣሬ ዓይን ሲታይ ማራ ከፓሪስ የሚወጣበትን የይለፍ ወረቀት እንዲያገኝ ረዳው ይባላል።

ያ ዓመት ለብሬጌ ደንበኞች የሞት ዓመት ነበር። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በጃንዋሪ፣ ንግሥት ማሪ አንትዋኔት በኦክቶበር አንገታቸው ተቀላ። ማራም በጁላይ በገዛ ቤቱ ተገደለ። ብሬጌ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደደ። በጄኔቭ፣ በኔሻቴልና በለ ሎክል ከተሞች ኖረ። ሁለት ዓመት ያህል ያለ ወርክሾፑ ሲቀመጥ እጁ ሥራ ቢያጣም አእምሮው አላረፈም። በኋላ ስሙን ካስጠሩት ፈጠራዎች ብዙዎቹን ያሰበው በስደት ሳለ ነው።

አብዮተኞቹ ጊዜ የሚቆጠርበትን መንገድ ጭምር ለመለወጥ ሞክረው ነበር። ቀኑን ለ10 ሰዓት፣ ሰዓቱን ለ100 ደቂቃ፣ ደቂቃውን ለ100 ሰከንድ ከፈሉት። ሕዝቡ ስላልለመደው ይህ አከፋፈል በ1795 ቆመ። የቀን መቁጠሪያቸው ግን እስከ 1805 መጨረሻ በሥራ ላይ ቆየ። ይህ መቁጠሪያ 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና በመጨረሻ 5 ወይም 6 ቀን ስለነበሩት፣ ጳጉሜን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም።

ከስደት መልስ

ብሬጌ በ1795 ወደ ፓሪስ ተመለሰና ወርክሾፑን እንደገና አቋቋመ። የቀድሞ ደንበኞቹ ተገድለዋል፣ ተሰደዋል፣ ወይም ደኽይተዋል። ስለዚህ አዲስ ገዢ መፈለግ ነበረበት። ለዚህ ያወጣው መላ የተመዝጋቢ ሰዓት የሚባለው ነው። ይህ አንድ ጠቋሚ ብቻ ያለው፣ አሠራሩ ቀላል፣ ግን ጠንካራ የኪስ ሰዓት ነበር። ገዢው የዋጋውን ሩብ አስቀድሞ ይከፍላል፤ በዚያ ገንዘብ ሰዓቱ ይሠራል፣ ቀሪው ሲረከብ ይከፈላል። ሰዓቶቹ አንድ ዓይነት ስለነበሩ ተከታትለው ሊሠሩ ቻሉ። ባለ ካፒታል ሳያስፈልገው ወርክሾፑ በእግሩ ቆመ።

በ1795 ገደማ የሰዓቱን ጥምዝ ሞላ አሻሻለ። የሚወዛወዘውን ጎማ የሚመልሰው ይህ ሞላ ጠፍጣፋ ሲሆን በአንድ ወገን ብቻ ይለጠጣል፤ ዘንጉን ወደ ጎን እየገፋ ሰዓቱን ያሳስታል። ብሬጌ የሞላውን የውጭ ጫፍ ወደ ላይ አንሥቶ ወደ መሐል አጠፈው። ሞላው በሁሉም ወገን እኩል መተንፈስ ጀመረ። ይህ እጥፋት የብሬጌ ሞላ ተብሎ ይጠራል።

በዚያው ጊዜ ያሰበው ሌላው መሣሪያ አንድ የጠረጴዛ ሰዓትና አንድ የኪስ ሰዓት የተጣመሩበት ነው። ባለቤቱ ሌሊት የኪስ ሰዓቱን በትልቁ ሰዓት አናት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ትልቁም የትንሹን ጠቋሚ ራሱ ያስተካክለዋል። ዛሬ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ከአንድ ዋና ሰዓት ጋር የሚናበቡት በተመሳሳይ ሐሳብ ነው።

የብሬጌ ስም ሲገን በስሙ የሚነግዱ አስመሳዮች በዙ። እርሱም በሰዓቱ ገጽ ላይ፣ በ12 ቁጥር አካባቢ፣ በዓይን በቀላሉ የማይታይ ጥቃቅን ፊርማ ማስቀረጽ ጀመረ። ፊርማው የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ነው። የእያንዳንዱ ሰዓት ቁጥርና የገዢው ስምም በመዝገብ ይጻፍ ነበር። መዝገቦቹ ዛሬም ስላሉ የአንድን ሰዓት እውነተኛነት ለማጣራት ያገለግላሉ።

ቱርቢዮን

ብሬጌ ይበልጥ የሚታወቅበት ፈጠራ ቱርቢዮን ነው፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ አዙሪት ማለት ነው። የኪስ ሰዓት ቀኑን ሙሉ በኪስ ውስጥ ቆሞ ይውላል። የሚወዛወዘው ጎማ በአንድ ወገኑ በጥቂቱ እንኳ ከከበደ የመሬት ስበት ያንን ወገን ስለሚጎትተው ሰዓቱ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ብሬጌ ጎማውን ፍጹም ለማድረግ ከመድከም ይልቅ፣ ጎማውን ከሞላውና ከተቆጣጣሪው ክፍል ጋር በትንሽ ቤት ውስጥ አስገብቶ ቤቱን አዞረው። ቤቱ በተለምዶ በአንድ ደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራል። በአንድ ወገን የሚመጣው መፍጠን በሌላው ወገን በሚመጣው መዘግየት ይጣፋል። ስሕተቱ አልጠፋም፤ እርስ በርሱ እንዲካካስ ተደረገ።

ለዚህ ሥራ ጁን 26 ቀን 1801፣ በአብዮቱ መቁጠሪያ መሲዶር 7 ቀን 9ኛው ዓመት፣ ለ10 ዓመት የሚጸና ፓተንት ተሰጠው። መሣሪያውን መሥራት እጅግ ከባድ ስለነበር በእርሱ ዘመን የተሠሩት ወደ 40 ገደማ ብቻ ናቸው። ዛሬ በእጅ ሰዓት ላይ ያለው ጥቅም አነስተኛ ነው፤ ክንድ በየጊዜው ስለሚንቀሳቀስ ስበቱ በአንድ ወገን አይጸናም። ቢሆንም ሰዓት ሠሪዎች የሙያ ብቃታቸውን የሚለኩበት ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

ብሬጌ የእንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ የጆን አርኖልድ ወዳጅ ነበር። ልጆቻቸውን ለትምህርት አንዱ ወደ ሌላው ልከዋል። አርኖልድ በ1799 ሲሞት፣ ብሬጌ አንድ ቱርቢዮን በአርኖልድ በተሠራ ሰዓት ውስጥ ገጥሞ በ1808 ለወዳጁ ልጅ መታሰቢያ ሰጠው። ፈረንሳይና እንግሊዝ በዚያ ጊዜ ጦርነት ላይ ነበሩ። ሰዓቱ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ደንበኞቹ

ናፖሊዮን ቦናፓርት በኤፕሪል 1798፣ ወደ ግብፅ ከመዝመቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሦስት ሰዓት ከብሬጌ ገዛ። የኦቶማን ሱልጣን ሰሊም 3ኛ፣ የሩሲያው ዛር አሌክሳንደር 1ኛና ናፖሊዮንን ያሸነፈው የዌሊንግተን መስፍንም ደንበኞቹ ነበሩ። ለቱርክ ገዢዎች የቱርክ ቁጥር ያለባቸውን ሰዓቶች ሠርቷል። የናፖሊዮን እህት የኔፕልስ ንግሥት ካሮሊን ሙራ በ1810 ያዘዘችውና በ1812 የተጠናቀቀው ሞላላ ሰዓት በአምባር ላይ የሚታሰር ነበር፤ ለእጅ ተብለው ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል።

የገጣሚው አሌክሳንደር ፑሽኪን ዝነኛ የግጥም ልቦለድ ዬቭጌኒ ኦኔጊን የብሬጌን ሰዓት ስም ይጠቅሳል። ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል ከአፍሪካ የመጣ በመሆኑ ፑሽኪን በኢትዮጵያ እንደ ወገን ይታያል፤ በአዲስ አበባም በስሙ አደባባይ ተሰይሞለታል። የፈረንሳዊው ሰዓት ሠሪ ስም በሩሲያኛ የጥሩ ኪስ ሰዓት መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል።

የባሕር ሰዓትና የመጨረሻ ዓመታት

ሰዓት በዚያ ዘመን ጌጥ ብቻ ሳይሆን የመርከበኞች ሕይወት የሚንጠለጠልበት መሣሪያ ነበር። መሬት በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ አንድ ዲግሪ የ4 ደቂቃ ልዩነት ነው። ለምሳሌ በቆቦ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ በፓሪስ እኩለ ቀን ለመሆን ወደ 2 ሰዓት ተኩል ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ37 ዲግሪ በላይ ነውና። መርከበኛ የመነሻ ወደቡን ሰዓት ይዞ ካለበት ቦታ የፀሐይ ሰዓት ጋር ካነጻጸረ ምን ያህል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንደሄደ ያውቃል። ሰዓቱ አንድ ደቂቃ ብቻ ከሳተ ግን በምድር ወገብ ላይ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሳሳታል።

ትልቁ ጠላት የሙቀት ለውጥ ነበር። ሲሞቅ ሞላው ይለሰልሳል፣ ሰዓቱም ይዘገያል። ከላስታ ደጋ ብርድ ወደ ቆቦ ሜዳ ሙቀት የሚወርድ ሰው ያልተስተካከለ የኪስ ሰዓት ቢይዝ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀርበት ነበር። የባሕር ሰዓት ሠሪዎች ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ጎማ በመሥራት ይህን ይከላከላሉ፤ ጎማው ሲሞቅ ወደ ውስጥ እየታጠፈ መዘግየቱን ያካክሳል።

በዚህ ሥራው ብሬጌ በ1814 የሎንጂቱድ ቢሮ አባል፣ በ1815 የንጉሣዊው ባሕር ኃይል ሰዓት ሠሪ፣ በ1816 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በ1819 የሌዥዮን ዶነር ኒሻን ተሸለመ። ከ1807 ጀምሮ ልጁ አንትዋን-ሉዊ የንግዱ ሸሪክ ነበር።

ስለ ለጋስነቱ የሚነገር ታሪክ አለ። ሠራተኛ የጉልበቱን ሒሳብ ጽፎ ሲያቀርብ፣ ሥራው ጥሩ ከሆነና የሒሳቡ መጨረሻ ዜሮ ከሆነ፣ ብሬጌ ዜሮዋን ጭራ ቀጥሎላት 9 ያደርጋት ነበር ይባላል።

ብሬጌ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1823 በ76 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ በፓሪስ ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ይገኛል። የሠራባቸው ዓመታት ለኢትዮጵያ በአብዛኛው ዘመነ መሳፍንት ነበሩ፤ እርሱ ቱርቢዮንን ሲሠራ የየጁ ራሶች በጎንደር ነገሥታት ስም አገር ያስተዳድሩ ነበር።

የማሪ አንትዋኔት ሰዓት

በ1783 አንድ የንግሥቲቱ ዘብ መኮንን እንዳዘዘው የሚነገርለት ሰዓት ቁጥር 160 ይባላል። ትእዛዙ በዘመኑ የሚታወቀው የሰዓት ጥበብ ሁሉ እንዲገባበት፣ በተቻለ መጠን ሌላው ብረት በወርቅ እንዲተካ የሚል ነበር፤ የጊዜም የዋጋም ገደብ አልተደረገበትም። ንግሥቲቱ ሳታየው ተገደለች። ብሬጌም ሳይጨርሰው ሞተ። ሰዓቱ የተጠናቀቀው በ1827፣ በልጁ ጊዜ፣ ከታዘዘ 44 ዓመት በኋላ ነው። ራሱን ይሞላል፣ ሰዓትና ደቂቃ ይደውላል፣ የቀን መቁጠሪያና የሙቀት መለኪያ አለው።

ከብዙ እጅ በኋላ በኢየሩሳሌም ኤል. ኤ. ሜየር ሙዚየም ተቀመጠ። በኤፕሪል 1983 ሌባ ሙዚየሙን ሰብሮ ይህንና ሌሎች ብዙ ሰዓቶችን ወሰደ። ለ20 ዓመት በላይ ዱካው ጠፍቶ ሌባው ከሞተ በኋላ ተገኘ፤ መመለሱም በ2007 ለሕዝብ ተገለጸ።

ከእርሱ በኋላ

የልጅ ልጁ ሉዊ-ክሌማን ፊቱን ወደ ቴሌግራፍና ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች አዙሮ የሰዓቱን ንግድ በ1870 ለወርክሾፑ ኃላፊ ለእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ብራውን አስተላለፈ። ከዘሩ ሌላው ሉዊ ቻርልስ ብሬጌ (1880–1955) የታወቀ የአውሮፕላን ሠሪ ሆነ። የሰዓት ቤቱ በብራውን ቤተሰብ እጅ መቶ ዓመት ቆይቶ በ1970 ተሸጠ። ከ1999 ጀምሮ የስዋች ግሩፕ ንብረት ነው።

የብሬጌ መንገድ ከድርጅቱ ውጭም ቀጥሏል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ዳንኤልስ (1926–2011) የብሬጌን ሰዓቶች እየፈታና እየጠገነ አጥንቶ ስለ ጥበቡ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያም ሙሉ ሰዓት ከቀፎው እስከ ትንሿ ጥርስ በገዛ እጁ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ፈረንሳዊው ፍራንሷ-ፖል ዡርን ደግሞ በብሬጌ ባለ ሁለት ፔንዱለም ሰዓት ተነሣሥቶ፣ ሁለት ጎማዎች እርስ በርሳቸው እየተናበቡ የሚወዛወዙበትን የእጅ ሰዓት ሠራ። የብሬጌ ፔንዱለም ሰዓት በፓሪስ የኪነ ብልሃት ሙዚየም ይታያል። ከባትሪና ከኳርትዝ ሰዓት መምጣት በኋላ ሜካኒካል ሰዓት ለትክክለኛነት የግድ አስፈላጊ መሆኑ ቀርቷል። ሆኖም እነዚህ ነጻ ሰዓት ሠሪዎች ሥራቸውን የጀመሩት ብሬጌ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከተዋቸው መሣሪያዎች ነው።